አያቴ የታቀፏቸው እንቁላሎች

ባለፈው ክረምት ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ነጠላዋን ገለጥ ስታደርግ ዝናብ ያበሰበሳት ዶሮ ብቅ አለች። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ስለ ነበር ሽታው መውጫ አጣ። ርጥብ ላባ፣ ጭድ፣ ትንሽ ኩስ፣ ትንሽ የሰው ብብት ሙቀት። ተሳፋሪው አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ግን ጠጋ አልሁ።

"ትጠየፊያለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር" አለችኝ።

"ኧረ አልጠየፍም" አልኋት። ምክንያቱን ልነግራት ስጀምር ደብረ ወርቅ ደረስንና ወረደች። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቢቸና ከተማ ዳር ነው። አባቴ የሒሳብ መምህር፣ እናቴ የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ሁለቱም የሚኖሩት በደመወዝ ነው፤ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጓሮ ግን "እርሻችን" ይሉት ነበር። አንድ ጥንድ በሬ ገብቶ የማይዞርበት እርሻ! ሁለት መደብ ድንች፣ አንድ መደብ ጎመን፣ ጥቂት ቃሪያ፣ አንዲት በግ፣ ስድስት ዶሮዎች፣ አፍርተው የማያውቁ ሦስት የአፕል ችግኞች። አባቴ እሑድ እሑድ ችግኞቹን በሜትር ይለካና በደብተር ይጽፋል። ጎረቤታችን እትዬ የሺ በአጥር በኩል ብቅ እያሉ፣ "መምህር፣ ይኼ እርሻ ነው ወይስ ዕቃ ዕቃ?" ይሉታል።

"ዕቃ ዕቃ ነው፤ ግን ይበላል" ይላቸዋል።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ ነጭ ጋወኗን ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ምሳ እንኳ ሳትቀምስ ወደ ጓሮ ነው። ድንች የምንቆፍር ቀን ከእያንዳንዱ ሥር ስንት እንደሚወጣ እንወራረዳለን፤ የተሸነፈ ዶማውን ያጥባል። አባቴ የሒሳብ ሰው ሆኖ ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚያጥበው።

አያቴ የመጡት በሰኔ ነው። የእናቴ አባት ናቸው፤ ሞጣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ። ከመምጣታቸው በፊት እናቴ ለአባቴ፣ "የአባ ዓይን እኮ ጠፋ" ስትለው ሰማሁ። የጠፋ ነገር ይፈለጋል። ስለዚህ ሻንጣቸው ከመኪና እንደ ወረደ መጀመሪያ ያደረግሁት እሱን መበርበር ነበር። መቁጠሪያ፣ ዳዊት፣ የታጠፈ ነጭ ጥምጥም፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ቆሎ አገኘሁ። ዓይን የለም። አያቴ ሲንኮሻኮሽ ሰምተው፣ "ምን ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ።

"የጠፋውን ዓይንዎን።"

እናቴ በድንጋጤ አፏን ያዘች። አያቴ ግን ትንሽ አሰቡና፣ "እዚያ ውስጥስ አልከተትሁትም። ምናልባት ካንቺ ዘንድ መጥቶ ይሆናል፤ እስኪ ከፊት ለፊቴ ያለውን ንገሪኝ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትከሻዬን ይዘው ይሄዳሉ፤ እኔ የማየውን እናገራለሁ። ብርሃንና ጥላ ለይተው ያውቃሉ እንጂ ሌላው ሁሉ ጭጋግ ሆኖባቸው ነበር። ግን ቃሪያው መድረሱን በጣታቸው፣ ዝናብ መምጣቱን በአፍንጫቸው፣ እናቴ ደክሟት መግባቷን በእግሯ ኮቴ ያውቃሉ።

ነሐሴ ሲጠባ የፍልሰታ ጾም ገባና በቤታችን እንቁላል የሚበላ ጠፋ። ያን ሰሞን ገብስማ፣ ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረችው ዶሯችን፣ ላባዋን ነፍታ ከተኛችበት አልነሣም አለች። እጄን ስሰድ በአፏ ትወጋኛለች። አያቴ ድምፅዋን ሲሰሙ፣ "መታቀፍ አምሯታል፤ እንቁላሎቹን አምጡልኝ" አሉ። አንድ በአንድ በመዳፋቸው መዘኑ፣ ሁለት ሁለቱን አጋጭተው በጆሯቸው አዳመጡ፣ ዐሥራ አንድ መረጡ።

"ዐሥራ ሁለት ቢሆንስ?" አለ አባቴ።

"ሙሉ ቁጥር አይታቀፍም፤ የሚታቀፈው ጎደሎ ነው።"

"ምክንያቱ?"

"ምክንያቱን ዶሮዋን ጠይቃት።"

ቀኑ የወሩ መጀመሪያ፣ ልደታ ነበር። ጫጩት የሚፈለፈለው በሃያ አንድ ቀን ነው ሲሉኝ ነገሩ ሁሉ ገባኝ፤ ሃያ አንድ ማርያም ናት። ልደታ ተቀምጣ ማርያም ትነሣለች። ገብስማ የወሩን በዓላት ታውቃለች ማለት ነው! አባቴ በጣቱ ቆጥሮ ነሐሴ ሃያ ሁለት ላይ እንደሚውል ሊያስረዳኝ ሞከረ። አልተቀበልሁትም። ዶሮ የምታውቀውን በዓል አባቴ እንዴት አያውቀውም?

በዘጠነኛው ቀን አባቴ የጫማ ካርቶን በሳና ባትሪ ከተተበት። ጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ ገባንና አንዱን እንቁላል ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። እንቁላሉ እንደ ፋኖስ በራ። ውስጡ ቀያይ ክሮች ነበሩ፤ መሐሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ቁጭ ብላለች። ነጥቧ ተንፈራገጠች።

"ኧረ! አየን! አፍሮ ሸሸ!" ብዬ ጮህሁ።

አያቴ ከኋላዬ ቆመዋል። "ምን ታያለሽ? አንዱን ሳትተዪ ንገሪኝ" አሉ። ነገርኋቸው። እሳቸው ከእኔ ብሰው ጠያቂ ሆኑ። ክሮቹ ከየት ይነሣሉ? ይመታሉ ወይስ ዝም ብለዋል? ነጥቧ ዓይን ናት ወይስ ልብ? አባቴ፣ "ዓይን ናት መሰለኝ፤ ከሁሉ ቀድማ ጎልታ የምትታይ እሷ ናት" ሲል አያቴ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ፣ "ሰባ ዓመት እንቁላል አውቃለሁ ስል የማውቀው ቅርፊቱን ኖሯል" አሉና እንቁላሉን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ቀን ወዲያ ጠዋት ጠዋት ቆጡ አጠገብ ዱካ ላይ እየተቀመጡ ለገብስማ ይሁን ለእንቁላሎቹ ቅኔያቸውን ያንበለብሉ ነበር።

በዚያው ሳምንት እናቴ ለአባቴ ሹክ ስትል ሌላ ነገር ሰማሁ። አያቴ ከልብ ወዳጃቸው ከየኔታ ልሳኑ ጋር በአንዲት ቃል ተጣልተው ሰባት ዓመት እንዳልተነጋገሩ። ሰባት ዓመት እኮ ዕድሜዬ ነው። ሰውን ይህን ያህል የሚያጣላ ቃል ምን ዓይነት ስድብ ቢሆን ነው? የማውቃቸውን ስድቦች ሁሉ በልቤ ደረደርሁ፤ አንዱም አልበቃም። በመጨረሻ ራሳቸውን ጠየቅኋቸው።

"ስድብ አይደለም፤ የግእዝ ቃል ናት። እኔ ጠብቃ ትነበባለች አልሁ፤ እሱ ላልታ ነው አለ። ተማሪ ፊት ነበር" አሉኝ።

"ማን አሸነፈ?"

"ተማሪው። ሁለታችንንም ጥሎ ሌላ ደብር ሄደ።"

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ ጾሙ በሚፈታበት ዕለት፣ ወፍ ሳይንጫጫ ለቅዳሴ ተነሣን። እኔ ከመውጣታችን በፊት ወደ ዶሮ ቤቱ ሮጥሁ፤ እንቁላሎቹ ጧት ጧት ያወሩ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ጆሮዬን ሳስጠጋ እናቴ ከበር ተጣራች። ሮጥሁ። የቆርቆሮውን በር ገፋሁት፤ ሽቦውን ግን አላጠላለፍሁትም።

ስንመለስ ከዶሮ ቤቱ እስከ አጥሩ ድረስ የገብስማ ላባ ተበትኗል። "ሸለምጥማጥ ነው" አለ አባቴ። ከዚያ፣ "በሩስ እንዴት ተከፈተ?" ብሎ ጠየቀ። አያቴ ፈጠን ብለው፣ "ነፋስ ይሆናል" አሉ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም፤ እኔም ዝም አልሁ።

እናቴ እንደ ሕፃን ግንባር በእጇ ጀርባ እንቁላሎቹን ነካቻቸው። "ሙቅ ናቸው እኮ! ገና ሙቅ ናቸው!"

ከቀሩት አምስት ዶሮዎቻችን መታቀፍ ያማራት ስላልነበረች አባቴ የምትታቀፍ ዶሮ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ሮጠ። አያቴ መደቡ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ጋቢያቸውን ገለጡ። "እስኪገኝ ወዲህ አምጧቸው" አሉ። ባዘቶ አነጠፍን፣ ዐሥራ አንዱን ከሆዳቸው ጋር አስጠግተን ደረደርን፣ በጋቢው ሸፈንን። አባቴ ባዶ እጁን ተመለሰ። "እስኪገኝ" የተባለው አምስት ቀን ሆነ።

ያን ጊዜ ሳስታውስ ከሐዘኑ ይልቅ ሥራ መብዛቱ ነው የሚመጣብኝ። እናቴ የትኩሳት መለኪያዋን እንቁላሎቹ መሐል ትከትና፣ "ትንሽ ትኩሳት ያለበት ሰው ይመስላሉ፤ ደግ ነው" ትላለች። አባቴ በከሰል አንድ ወገናቸው ላይ ምልክት አደረገ፤ እኔ በቀን ሦስት ጊዜ አገላብጣለሁ። ሲመሽ በሙቅ ውኃ በተሞሉ ሃይላንዶች ተከበው ቅርጫት ውስጥ ያድራሉ፤ ሲነጋ ወደ አያቴ ሆድ ይመለሳሉ። አያቴ እጃቸውን ከጋቢው ማውጣት ስለማይችሉ አባቴ ያጎርሳቸዋል። እሳቸውም እያኘኩ፣ "አማች ሆነህ እንዲህ አጉርሰኸኝ አታውቅም" ይሉታል።

እትዬ የሺ ገብተው ሲያዩ፣ "ምነው፣ መሪጌታን ዶሮ አደረጋችኋቸው?" አሉ።

"ከዶሮ ሥራ የሚያንስ ሥራ ሠርቼ አውቃለሁ" አሉ አያቴ። እትዬ የሺ ሲወጡ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ሁላችንንም ጠርተው፣ "ይኼ ነገር ሞጣ እንዳይሰማ" አሉ። እኔንም ለብቻዬ፣ "ቃል ግቢልኝ" አሉኝ። ቃል ገባሁ።

በሃያኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞጣ ራሷ መጣች።

እናቴ ሥራ ላይ ነበረች፤ አባቴ ለተማሪ ምዝገባ ትምህርት ቤት ሄዷል። ቤት ውስጥ አያቴና እኔ ብቻ ነን። "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ። አያቴ ደነገጡ። በሩ ላይ ረዥም ሽማግሌ ቆመዋል፤ ጥምጥማቸው ነጭ፣ ጃንጥላቸው የሚያንጠባጥብ፣ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ።

"ልሳኑ?" አሉ አያቴ።

"እኔ ነኝ። ጾሙን ሙሉ ሳስበው ሰነበትሁ። ሞት ሳይቀድመን ብዬ መጣሁ።"

እንዲህ ያለ ሰው ሲገባ ቤት ያለ ሁሉ ብድግ እንደሚል ልጅም ያውቃል። እኔ ተነሥቻለሁ። የአያቴ ትከሻ ብድግ አለ፤ ክንዳቸው ግን ጋቢው ውስጥ እንደ ታሰረ ቀረ።

"ግቡ፣ ግቡ። መነሣት ግን… አልችልም።"

"ታመው ነው?"

አያቴ ታምሜያለሁ ብለው መዋሸት አልሆነላቸውም። "አልታመምሁም።"

እንግዳው ከደፉ ላይ እንደ ቆሙ ጠበቁ። አያቴ ሌላ ቃል እንዲጨምሩ ይጠብቁ ነበር። አያቴ ከንፈራቸውን ከፈቱ፣ ገጠሙ። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

"አልታመሙም። አልተነሡምም" አሉ እንግዳው ቀስ ብለው። "አንቱ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ ተቀመጡ ነዎት። ገባኝ።" ዞረው ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

አያቴን አየኋቸው። "ልሳኑ…" አሉ፣ ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ሂጂ አላሉኝ፤ ተቀመጪም አላሉኝ። ቃል ገብቻለሁ። ግን ሽማግሌው የግቢውን በር እየከፈቱ ነው። በካልሲዬ ጭቃው ውስጥ ሮጥሁ።

"የኔታ! የኔታ! አባባ ታቅፈው ነው!"

"ምን ታቅፈው?"

"እንቁላል! ዐሥራ አንድ! ዶሮዋን ሸለምጥማጥ በላትና…" ከዚያ ቃሌን ማፍረሴ ትዝ አለኝና ማልቀስ ጀመርሁ። "ሞጣ እንዳይሰማ ብለውኛል!"

እንግዳው ዝናቡ ውስጥ ቆመው አዩኝ። ጃንጥላውን እኔ ላይ ያዙልኝና አብረን ተመለስን። መደቡ ሥር በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣት ገለጡ፣ አዩ፣ መልሰው ሸፈኑ።

"ይባቤ" አሉ፣ አያቴን በስማቸው ጠርተው።

"አቤት" አሉ አያቴ፣ እንደ ተያዘ ተማሪ።

የኔታ ልሳኑ ሳቁ። መጀመሪያ ሆዳቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጥምጥማቸው ተንሸራተተ፣ እንባቸው ወረደ። አያቴም መሳቅ ጀመሩ፤ ግን እንቁላሎቹ እንዳይንቀጠቀጡ ሆዳቸውን ጠበቅ አድርገው ነበር የሚስቁት። በዚህ መሐል አያቴ ድንገት ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

"ሰማህ?"

ሁሉም ጸጥ አለ። ከጋቢው ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ "ጭው"።

"ሰማሁ" አሉ የኔታ ልሳኑ። "የትኛው ነው?"

"በግራ በኩል ያለው መሰለኝ።"

"ቆይ ላዳምጥ። ኧረ ሁለት ናቸው!" ሁለቱ ሽማግሌዎች ግንባር ለግንባር ተደፍተው ያዳምጡ ጀመር። ጎን ለጎን ሲቀመጡ የኔታ ልሳኑ ደረቅ ጋቢ አስመጥተው፣ "ግማሹን ወዲህ በል፤ ደክሞሃል" አሉ።

እናቴ ስትገባ አምስቱ እሳቸው ዘንድ፣ ስድስቱ አያቴ ዘንድ ነበሩ። ጠቡም እንደ አዲስ ተነሥቷል። "ትጠብቃለች!" ይላሉ አያቴ። "ትላላለች!" ይላሉ እንግዳው። እኔ ደጅ ሮጬ፣ "እማዬ፣ ደግሞ ተጣሉ!" አልኋት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አዳመጠች። "ተያቸው፤ ናፍቀው ነው" አለችኝ።

በማግሥቱ፣ በማርያም ዕለት፣ ቅርፊት መሰንጠቅ ጀመረ። "አላልሁም?" ብዬ አባቴን አየሁት፤ ደብተሩን ዘጋ። የመጀመሪያው የተፈለፈለው ከየኔታ ልሳኑ ጋቢ ውስጥ ነበር። አያቴ በጣም ተናደዱ፤ "አምስት ቀን የታቀፍሁ እኔ፣ የፈለፈለ እሱ!" አንዱ ጫጩት አፉን ብቻ አውጥቶ ቆመ። በጥፍሬ ቅርፊቱን ላግዘው ስል እናቴ እጄን ያዘችው። "መግፋቱ የሱ ፋንታ ነው። እኔም ሥራ ቦታ ብዙውን ጊዜ የማደርገው ከጎን ሆኖ መጠበቅ ነው" አለችኝ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ምን እንደምትሠራ ያን ቀን ገባኝ።

እስከ ማምሻው ሰባት ወጡ። አራቱ ዝም አሉ። አባቴ በማግሥቱ ከጓሮ አንዱን ሲከፍት አብሬው ነበርሁ። ሙሉ ጫጩት ነው፤ ጥፍሩ ሳይቀር አለው። "ምን አጥፍቶ ነው?" አልሁት። "ምንም አላጠፋም" አለኝ። ያን ስሰማ ወደ ቤት ሮጥሁ። አያቴ ዘንድ ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ።

"አባባ፣ ነፋስ አይደለም። ሽቦውን ያላጠላለፍሁት እኔ ነኝ።"

አያቴ ጸጉሬን ዳበሱኝ። "አውቃለሁ" አሉ። "ያ ሽቦ ሲጠላለፍ ቂጭ ይላል። ያን ቀን አላለም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ቅዳሴ እንዳይቀድመኝ ቸኩዬ ነበር። ኋላ እነግራታለሁ ብዬ ሄድሁ። ያልዘጋሽው አንቺ ነሽ፤ ሰምቶ ዝም ያለው እኔ ነኝ። አምስት ቀን ሙሉ የተቀመጥሁት ስለ ምን መሰለሽ?"

ለብዙ ጊዜ ተቃቅፈን ተቀመጥን። ከዚያ አባቴንና እናቴን ጠርተን ሁለታችንም ተናዘዝን። አባቴ ትንሽ ተቆጣ፤ ከዚያ ሁላችንም አዲስ መቀርቀሪያ ልንሠራ ወደ ጓሮ ወጣን።

ጫጩቶቹ እናት አልነበራቸውም። የሚያውቁት ድምፅ አንድ ብቻ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ቅርፊት ውስጥ ሆነው የሰሙት። አያቴ ቅኔ ሲጀምሩ ሰባቱም ከየጥጉ እየሮጡ ይመጣሉ፤ ሲያቆሙ ይበተናሉ። እኔ የእሳቸውን ዜማ ቀድቼ ሞከርሁ፣ አባቴም ሞከረ፤ አንድም አልዞረልንም።

መስቀል ካለፈ በኋላ የኔታ ልሳኑ አያቴን ሊወስዱ ተመልሰው መጡ። ተማሪዎች እየተሰበሰቡ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጉባኤ ሊያስተምሩ ተስማምተዋል። እናቴ ስለ ዓይናቸው ስትከራከር የኔታ ልሳኑ፣ "ቅኔ በቃል ነው ልጄ። ዓይን ካስፈለገ የኔ ሁለት አሉ" አሏት።

መኪናው ከደጅ ሆኖ ጥሩምባ ይነፋል። አያቴ ሁላችንንም መረቁን። ምርቃታቸው ረዥም፣ ድምፃቸውም ከፍ ያለ ነበር፤ ጫጩቶቹ ከድንች መደቡ እየተንጫጩ መጥተው እግራቸውን ከበቡት። አሁን ላባ አብቅለዋል። አንዱ ጫማቸው ላይ ወጣ። አያቴ አንድ እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ የሆነ ነገር ነካቸውና ባሉበት ቀጥ አሉ።

"እግሬ ሥር ናቸው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ሁሉም?"

"ሰባቱም። አይንቀሳቀሱ።"

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። የኔታ ልሳኑ ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ "ትንሽ ታገሥ እንጂ!" ብለው ገሠጹት። እኔ ተንበርክኬ እየቆጠርሁ ቅርጫት ውስጥ ከተትኋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አያቴ እንደ ምሰሶ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸውን እንኳ የያዙ ይመስሉ ነበር። ሰባተኛውን ከጫማቸው ላይ አነሣሁት፤ ልቡ በመዳፌ ውስጥ ይመታል።

"አሁን ይራመዱ፣ አባባ" አልኋቸው።

እግራቸውን አነሡ።